የሽንጡ ቅርጫት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰሌኑ ለሁላችንም ይበቃል። እግራችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ዝናቡ እስኪያባራ እናንተም የትም አትሄዱ፣ እኔም የትም አልሄድ። ወደ ቫይፉሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ሐረግ የዋጠው የቤት አጽም አለ አይደል? ክዳን የሌለው፣ ምሰሶዎቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ የተዘበራረቁት? አሁን ባላባቱ አሳማ ነው። ጠዋት ስናልፍ «ይኼን ማን ጀምሮ ተወው?» ብላችሁኛል። ነገሩ የፍቅር ነገር ነው። የንቀትም ነገር ነው። ሁለቱ አንድ ቅርጫት ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚሆን ስሙኝ።

ያን ቤት ያሠራው ፓሎአ የሚባል የቫይፉሉ ባላባት ነበር። ፓሎአ ሲያስነጥስ እንኳ ሰው ብድግ እንዲልለት የሚፈልግ ሰው ነው። ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ እሱ ኋላ ይደርሳል። ፔኒና የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት የአባቷ እህት ሳሎሜ ናት። ፓሎአ ልጁን አፒያ ከተማ ትልቅ ሱቅ ላለው ነጋዴ ልጅ ሊድር ቃል ተገባብቷል። ታዲያ ከከተማ የሚመጡት እንግዶች በምን ቤት ይቀመጡ? በመላው ሳቫይ ደሴት አምሳያ የሌለው የእንግዳ ቤት መሠራት አለበት። ለዚህ ነው ከኛ መንደር ባለእጁን ላፋኤሌን ያስጠራው።

ላፋኤሌን እናንተ አልደረሳችሁበትም። ቀጭን ሽማግሌ ነበር፣ ፀሐይ እንዳደረቀው ዓሣ የጠና። ምስማር አይወድም። «ምስማር የሰነፍ ጸሎት ነው» ይል ነበር። ቤት የሚሠራው በመጥረቢያና በገመድ ብቻ ነው። ምሰሶው፣ ወራጁ፣ ማገሩ ሁሉ ከኮኮናት ቃጫ በተፈተለ ገመድ ይታሰራል፤ ማዕበል ሲመጣ ቤቱ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ሰውን ግን ይሰብር ነበር፣ ላፋኤሌ። ምስጋና ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ከሥሩ ማላኪ የሚባል ተማሪ ነበረው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፣ በዘሩ አንድም የማዕረግ ስም የሌለበት። ላፋኤሌ ዘንድ ሲገባ መጥረቢያ የሚጨብጥ መስሎት ነበር፤ ያስጨበጠው ቃጫ ነው። ፀሐይ ወጥታ እስክትገባ ቃጫውን ጭኑ ላይ እያሸ ገመድ ይፈትላል። ጭኑ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር ጠፋ። በኋላ ማሰር ሲጀምርም፣ ላፋኤሌ ይመጣና የታሰረውን ያያል። ክፉም ደግም አይናገርም። ከሽርጡ መቀነት ቢላዋውን ይመዝና ጭርጥ ያደርገዋል። ያልፋል። ማላኪ ደግሞ ያስራል። ጭርጥ። አንድ ቀን ትዕግሥቱ ቢያልቅ፣

«አባባ፣ ምኑ ነው የጎደለው?» አለው።

«አንተ» አለ ላፋኤሌ፣ ዞር ሳይል።

እንዲህ ያለው ትምህርት ሰውን ሁለት ነገር ያስተምረዋል፤ ሙያና ንቀት። ማላኪ ሁለቱንም ይማር ነበር። ምስማር የሚመታ ሰው ሲያይ ከንፈሩን ይጥላል። የቆርቆሮ ቤት ሲያይ በአፍንጫው ይስቃል። ገና አንድ ቋጠሮ ሳይተርፍለት መናቁን ችሎበታል፤ ንቀት እንደሆነ ከሙያ ቀድሞ ነው የሚለመደው።

ባለእጅ ቤት ሲሠራ የሚቀልበው ባለቤቱ ነው። ቫይፉሉ እንደ ደረሱ ቀትር በሆነ ቁጥር ጎደሬና ዓሣ ተሸክማ የምትመጣው ፔኒና ነበረች። ረጅም ናት፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ስትሄድ ቅርጫቱን እሷ ሳትሆን ቅርጫቱ እሷን የተሸከማት ይመስላል። መጀመሪያ ቀን ማላኪ ፊት ቆማ ጭኑን አየችና፣

«አንተ ገመድ ብቻ ነው የምትፈትለው? ይህንንማ አያቴም ትችላለች» አለችው። «ሞታ ነው እንጂ።»

«በሕይወት ብትኖር ጥሩ ረዳት ትሆነኝ ነበር» አላት። «ቢያንስ አትለፈልፍም።»

የባላባት ልጅ እንዲህ የመለሰላት ሰው አይታ አታውቅም። አፍንጫዋን ነፍታ ሄደች። በማግስቱ ግን የማላኪ ዓሣ ከሌላው ሰፋ ያለ ነበር፤ እሾሁም ወጥቶለታል።

«እሾሁን ማን አወጣው?» ሲላት፣

«ዓሣው ራሱ። አይቶህ አዘነልህ» አለችው።

ልጆቼ፣ አንዳንድ ሰው ፍቅሩን በማር ይለውሰዋል። እነዚህ ሁለቱ በጨው ለወሱት። ስድቡ በየቀኑ እየጣፈጠ ሄደ። እሱ ከላይ ሆኖ ማገር ሲያስር፣ ከታች ሆና «ያዘነብላል» ትለዋለች። እሱም «ያዘነበለው አንገትሽ ነው፣ እኔን ስታይ» ይላታል። ያኔ ቀና ትልና ወደ ባሕሩ ታያለች፤ ጆሮዋ ጫፍ ግን እንደ ፍም ይቀላል። ማላኪም እጁ ገመዱን ሲጎትት ልቡ ያስታውሰዋል፤ ይህን ቤት የምትሠራው ለማን እንደሆነ ታውቃለህ? እሷ ለሌላ የምትሰጥበት ቤት ነው። አንድ ቋጠሮ ባሰርክ ቁጥር እሷን አንድ ክንድ ወደ አፒያ ትገፋታለህ። ይህን ያውቃል። ቢሆንም አላልቶ አላሰረም። እጁ እንቢ ይለዋል።

የቤቱ ምሥራቃዊ ጉብታ፣ የጣሪያው ጫፍ እንደ ጀልባ አፍንጫ የሚዞርበት፣ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ላፋኤሌ እዚያ ላይ አንዱን መጋጠሚያ ለማላኪ ሰጠው። አሰረና ወረደ። ሽማግሌው ወጣ። አየ። ቢላዋውን መዘዘ። ፔኒና ቅርጫቷን እንደያዘች ከሥር ቆማለች። ላፋኤሌ ቢላዋውን በቋጠሮው ላይ አሳረፈ፤ ቆየ፤ ከዚያ መልሶ መቀነቱ ውስጥ ሻጠው፣ ወርዶም ወደ ሌላው ጎን ሄደ። አልቆረጠውም።

ማላኪ አንጋጦ ቋጠሮውን አየ። ፔኒና ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«ቢላዋው ደንዞ ይሆናል» አለች። ይህን ስትል ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሱም አየው። እንዳየውም አየች።

ያየ ሌላም ሰው ነበር። ሳሎሜ።

ሳሎሜን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሰው ጋር ስታወራ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው የምታየው፤ ጫማ አለው የለውም ብላ። ድግስ በተደገሰ ቁጥር አንዱን የአሳማ ሽንጥ ለራሷ ትደብቃለች። ቅርጫቱን በቀይ ጨርቅ ታስርና ከምድጃው ኋላ ታኖረዋለች። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

የቤቱ አጽም እንደ ቆመ፣ ክዳን ከመጀመሩ በፊት፣ እንደ ወጉ ለባለእጆቹ ድግስ ተደገሰ። አሳማ ሲታረድ እያንዳንዱ ብልት ባለቤት እንዳለው ታውቃላችሁ። ሽንጡ ለከበረ ሰው ነው፣ ቤት በሚሠራበት ቀን ደግሞ ለዋናው ባለእጅ። ጭንቅላቱ ምድጃው ላይ ለሚሠሩት ጎረምሶችና ለባለእጁ ተማሪ ነው። በዚህ የሚሳሳት የለም። አባት ልጁን ከስሙ ቀድሞ ብልት ነው የሚያስተምረው።

ማላኪ ከጌታው ጀርባ ተቀመጠ። ቅርጫቶቹ ሊቀርቡ ሲሉ የሰበካው ፓስተር፣ ሳይጠራ፣ ከነሚስቱ ከመንገድ ጎራ አለ። ግርግር ሆነ። ሰሌን ተነጠፈ፣ ሳሎሜ ወደ ምድጃው ሮጠች፣ ቅርጫት ከቦታ ቦታ ተዘዋወረ። በመጨረሻም ቀረበ። ላፋኤሌ ከፊቱ የተቀመጠውን ቅርጫት ክዳን ገለጠ።

የአሳማ ጭንቅላት። ጥርሱን አውጥቶ ያየዋል።

ማላኪ ደንግጦ ጭኑ ላይ ያለውን የራሱን ቅርጫት ገለጠ፤ ምን እንደፈለገ እሱም አያውቅም። በውስጡ ሽንጡ ተጋድሟል፣ ወፍራም፣ ስቡ የሚያብለጨልጭ። ሰው ሁሉ አየ። ላፋኤሌ ዘወር አለ፤ ባላባቱን ሳይሆን የማላኪን ጭን ነበር ያየው፣ ሽንጡ ያለበትን። እንዲህ ያለ ዓይን ማላኪ በሕይወቱ አልገጠመውም። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። የጌታውን ሐሳብ እንደ ጽሑፍ አነበበው፤ እነዚህ ሰዎች ተማሪዬን ገዝተውታል፣ ቤቱን ያለእኔ ሊያስጨርሱት ነው፣ ዋጋውም ይኸው።

ያኔ እንኳ ፓሎአ ተነስቶ «ስሕተት ነው፣ ይቅር በለኝ» ቢል ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ፓሎአ ግን ሰው ፊት ስሕተት አይሠራም። ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና፣

«ምን ሆነ? ሥጋ ሥጋ ነው። ባለእጅ ስንት ጊዜ ይለመናል?» አለ።

ላፋኤሌ ሳይበላ እጁን ታጠበ። መጥረቢያዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ በገመድ አሰረ። ሰላምታ ሳይሰጥ መንገዱን ያዘ። እንግዲህ ዋናው ባለእጅ ተዋርዶ መጥረቢያውን አስሮ ከሄደ፣ ከእጅ ሙያው ወገን የሆነ ማንም ሰው ያን ቤት አይነካውም። የነካ ከሙያው ይወጣል። ይህ የማዕበልን ያህል የታወቀ ነው።

ማላኪ ሊከተል ሲነሳ ፔኒናን አያት። ከምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሳቋን ያፈነች መሰለው። ሽንጡን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ።

እቤት ሲደርሱ ላፋኤሌ መጀመሪያ የተናገረው ይህ ነው።

«ጣፈጠህ?»

«አልቀመስኩትም፣ አባባ። እምልልዎታለሁ፣ ምንም አላውቅም።»

«እንግዲያው ሞኝም ነህ» አለና የቃጫ ክምር ወረወረለት። «ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ጀመረ። ይፈትላል፣ ሽማግሌው መጥቶ ይቆርጠዋል። አሁን ቋጠሮውን ሳይሆን ገመዱን ራሱን። ማላኪም በውስጡ አንድ ነገር ብቻ ይፈትል ነበር። ሳቀችብኝ። የባላባት ልጅ በእኔና በጌታዬ ቁማር ተጫወተች። በቀን ይንቃታል፣ ሲተኛ ይናፍቃታል፣ ሲነቃ ስለናፈቃት ራሱን ይንቃል።

አንድ ጠዋት ሳሎሜ ጃንጥላ ይዛ መጣች። ላፋኤሌ ባሕር ዳር ነበር። የማላኪን እግር አየችና ከመንገድ ሆና ተናገረች።

«አንተ ልጅ። ወንድሜ ቤቱን ጨርስ ይልሃል።»

«ጌታዬ የተወውን አልነካም።»

«ጌታህ አርጅቷል። አንተ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ገመድ ልትፈትል ነው? ጨርስ። የልጅቷን ነገር…» አለችና ጃንጥላዋን አዞር አዞር አደረገች፣ «እናያለን።»

እናያለን። ልጆቼ፣ ለውሻ አጥንት ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሰው አይታችኋል? እንደዚያ ነው ያለችው። ማላኪ ግን ዘለለ። ልቡ ለቅጽበት ዘለለ፣ በዚህም ኋላ ብዙ አፈረ።

«ፔኒና ታውቃለች?»

«ያለ እሷ ፈቃድ እመጣለሁ?» አለች ሳሎሜ። ዋሸች።

የማላኪ ፊት እንደ ድንጋይ ሆነ። «እንግዲያው እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ። ሽንጡን ለውሻ ጣልኩት በያት። ውሻውም አሽትቶ ትቶት ሄደ።»

ሳሎሜ ይህን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አደረሰችላት። ሌላ መልእክት ቢሆን ትረሳው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ፣ የኛ መንደር ሰው ከየቤቱ ብቅ ብቅ አለ። ላፋኤሌ ደጅ፣ ጠጠሩ ላይ፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ ተቀምጧል፤ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የክብር ሰሌን ተከናንቦ። ከፊቱ የምድጃ እንጨትና ድንጋይ ተቀምጧል። በድያለሁና ከፈለግህ እንደ አሳማ ጠብሰኝ ማለት ነው። ሰሌኑን ከተንበረካኪው ላይ ማንሳት የሚችለው የተበደለው ሰው ብቻ ነው። ካላነሳው ፀሐይ ያነደዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ በመጨረሻም አፍሮ ይሄዳል። ይህን ደግሞ የሚያደርገው ባላባት ነው፣ ከነሽማግሌዎቹ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ስታደርገው ማንም አይቶ አያውቅም።

ሰሌኑን ማላኪ ለየው። ጫፉ ላይ የቀይ ወፍ ላባ አለው። ፔኒና አንድ ቀን ነግራዋለች፤ እናቷ ሽመናውን ሳትጨርስ የዓይኗ ብርሃን ደክሞ፣ በዳሰሳ የጨረሰችው ሰሌን ነው። ለሠርጓ የተቀመጠ።

«ኧረ እዩዋት፣ የቫይፉሏ ወይዘሮ» አለች አንዷ ጎረቤት። «ጉልበቷ ይታጠፋል እንዴ?»

«ወደ መሬት ሲሆን አዲስ ነው» አለች ሌላዋ።

ላፋኤሌ ግድግዳ በሌለው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቃጫ ይፈትላል። ሁሉም ያየዋል፣ እሱ ማንንም አያይም። ከሰሌኑ ሥር ድምፅ መጣ። ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይሰማል።

«አባባ ላፋኤሌ። ቅርጫቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ‹ጭንቅላቱን ለዚያ ለገመድ ፈታዩ አድርጉለት፣ የማጀት ልጅ የማጀት ብልት ይብላ› ብላ ሰው ፊት ስትስቅ ነደደኝ። ብልቱ እንደ ወጉ የሱ ነው፣ አውቃለሁ። ሳቋን ነው ያልቻልኩት። ስለዚህ ለራሷ የደበቀችውን ሽንጥ አውጥቼ ለማላኪ አኖርኩ፣ ጭንቅላቱን በሷ ቅርጫት ከትቼ በቀይ ጨርቋ አሰርኩት። እቤቷ ስትገልጠው ትደንግጥ ብዬ። ከዚያ ፓስተሩ መጣ። አክስቴ የእርስዎን ቅርጫት ለሱ አቀረበች፣ ለእርስዎ ደግሞ…» ድምፁ ተቆረጠ። «በሕይወቷ አንዴ የራሷን ለሰው ሰጠች። ያቺን ቀን ነው እኔ የመረጥኩት። ሮጬ ስደርስ ክዳኑን ገልጠውት ነበር። ማላኪ አያውቅም። ምንም አያውቅም።»

ማላኪ እጁ ላይ ያለው ገመድ ወደቀ። እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች አሁን በሐሳቡ እንደገና አያት፤ ሳቅ አልነበረም። ጩኸት ነበር። እሱ ደግሞ ውሻ አሽትቶ ሄደ ብሎ ላከባት።

ጌታውን አየ። ላፋኤሌ ፈተለ፣ አጠነጠነ፣ ፈተለ። ጆሮ የሌለው ይመስላል። ፀሐይ ከኮኮናቱ ጫፍ ወጣች። ጠጠሩ መጋል ጀመረ። የተሰበሰበው ሰው ስድቡ አለቀበት፤ ከሰሌኑ ጠርዝ የሚታየው ጉልበቷ ደም አዝሏል። ማላኪ ሊያነሳው አይችልም። ውኃ ሊያጠጣት አይችልም። አንድ ነገር ብቻ ይችላል፣ እሱም የለፋበትን ሁሉ ያስከፍለዋል። ተማሪ በጌታው ላይ ከበዳዩ ጋር ከተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲያ ተማሪ አይደለም።

ተነሳ። መጥረቢያውን፣ ገና ጨርሶ የሱ ያልሆነውን፣ በጌታው ደፍ ላይ አጋደመው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ላፋኤሌ ቀና አላለም።

ማላኪ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ፣ የሰሌኑን ጠርዝ ከፍ አድርጎ ገባ።

ከውስጥ ጨለም ያለና የሚያፍን ነበር፤ ብርሃኑ በሽመናው ቀዳዳ እንደ ከዋክብት ይገባል። ፊቷ ላብና እንባ ነው። እንዲህ ቀርቧት አያውቅም።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ጥላ ፍለጋ።»

«ዛፍ አጣህ?»

«የሚሰድበኝ ዛፍ አጣሁ።»

«መጥረቢያህስ?» አለች።

«ደፉ ላይ ነው።»

ለባለእጅ ቀለብ ስታመላልስ የከረመች ናት፣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። «ጅል ነህ» አለችው፣ እየታነቀች። «ያን ሁሉ ቃጫ… ጭንህ እስኪላጥ… አንድ ቋጠሮ ተርፎልህ ነበር እኮ።»

«እሱን ያየሽው አንቺ ነሽ። ካንቺ በቀር ማን ይመሰክርልኛል?» አላት። «ፔኒና፣ ያን ቃል የላኩብሽ እኔ ነኝ። ሰሌን መከናነብ የነበረብኝም እኔ።»

ዓይኗን አነሳች። «ውሻው እውነት አሽትቶ ሄደ?»

«አልሄደም። ጠራርጎ በላው። አጥንቱንም።»

ሳቀች። አፏን በክንዷ አፍና ሳቀች፣ ሳቁ ደግሞ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ሰሌኑ ተንቀጠቀጠ። ከውጭ ያሉት «ኧረ ልጅቷ ልትሞት ነው» አሉ። ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እዚያው፣ በዚያ ሙቀት፣ ሁለቱም ምንም ነገር ሳይኖራቸው፣ ማላኪ በሕይወቱ እንደዚያ ሙሉ ሆኖ አያውቅም።

ቀትር ላይ ፓሎአ ደረሰ፣ ሳሎሜም በጃንጥላዋ ተከትላው።

«ተነሺ» አለ ከመንገድ። «የፓሎአ ልጅ ባለእጅ ደጅ አትንበረከክም። ቤቴን በከተማ አናጢ አስጨርሰዋለሁ። በምስማር። በቆርቆሮ።»

ከሰሌኑ ሥር «አልነሳም፣ አባዬ» የሚል ድምፅ መጣ።

ያኔ ላፋኤሌ ቃጫውን አስቀመጠ። ጉልበቱን እየተደገፈ ተነሳና ወጣ። ከእንጨቱ ክምር አንዱን አነሳ፣ አሸተተው፣ ጣለው።

«እርጥብ ነው» አለ። «በዚህ እንኳን ሰው ጎደሬም አይበስል። የባላባት ልጅ እንጨት መምረጥ አታውቅም።» ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ። «ፓሎአ፣ ልጅህ የብልት ስሕተት ነው የሠራችው። ‹ሥጋ ሥጋ ነው› ያልከው ግን አንተ ነህ። ሰሌኑ ሰፊ ነው። ሌላ አንድ ሰው ይይዛል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ፓሎአን አየ። ልጆቼ፣ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ጉልበቱ ጥቂት እጥፍ ሲል ያዩ ነበሩ፤ እኔም ካዩት ነኝ። ከዚያ የሸሚዙን እጀታ አራገፈ፣ አቧራ እንኳ ሳይኖርበት፣ ዞሮም ሄደ። ሆዱ ቀድሞት ሄደ። የናቁት ያደርጋል ራቁት ይባላል፤ ያን ቀን ግን ሰውየው በገዛ ንቀቱ ተራቁቶ ሲሄድ ነው ያየነው።

ላፋኤሌ ሰሌኑን አነሳ። ላባው እንዳይበላሽ ቀስ ብሎ አጥፎ ለፔኒና በሁለት እጁ ሰጣት። እሷ ግን የአባቷን ጀርባ ነበር የምታየው፣ ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር ድረስ።

ማላኪ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«አንተ» አለው ላፋኤሌ።

«አቤት፣ አባባ።»

«ያን መጥረቢያ ከደጄ አንሳልኝ። ሰው ይሰናከልበታል።» ጥቂት እርምጃ ሄደና፣ ዞር ሳይል፣ «ስለቱን ሳይሸፍን መጥረቢያ መሬት ላይ የሚጥል ምን ዓይነት ባለእጅ ነው?» አለ።

ባለእጅ አለው። በአፉ፣ ሰው ፊት። ማላኪ መጥረቢያውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት አቃተው።

የከተማው አናጢ አልመጣም፤ ላፋኤሌ የተወውን ቤት ማን ይነካል። የነጋዴው ልጅም ክዳን ከሌለው ቤት ሚስት አልወሰደም። ፔኒናና ማላኪ እዚህ ባሕር ዳር፣ በትንሽ ቤት ተጋቡ፤ የእናቷን ሰሌን ለላፋኤሌ አነጠፈችለት። ሽማግሌው እስኪሞት ድረስ ገመድ ትፈትልለት ነበር። መጥቶ ያያል፣ ጭርጥ ያደርገዋል። እሷም «ቢላዋዎ ዛሬ ተስሏል፣ አባባ» ትለዋለች። ያን ጊዜ ጥርሱን የሚያሳየው ለእሷ ብቻ ነበር።

ዝናቡም አባራ መሰለኝ። በሉ ተነሱ። ነገ በዚያ የቤት አጽም በኩል ስታልፉ፣ በምሥራቁ ጉብታ ላይ ሐረጉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ያልተቆረጠው ቋጠሮ አሁንም እዚያ አለ። ከሰው ፊት ቅርጫት ስታኖሩም፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ አስቀድማችሁ ክዳኑን ገልጣችሁ እዩ። ያኔ ፔኒናን አስታውሱልኝ።